ዓሣ የሚገድለው ጎማ፦ ከአቃቂ ሰፈር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው «የመኪና ጎማ ዓሣ ይፈጃል» ማለቴ ብዙ ጥያቄ አስነሳ። ሥራዬ የውሃ ኬሚስትሪ ነው፣ ቤቴም እዚሁ አቃቂ፤ የቻልኩትን ልመልስ።

ዓሣው ጎማ በልቶ ነው የሚሞተው?

የለም፣ የሚበላው ጎማው ነው፤ አስፋልት ላይ። ጎማ እንዳይሰነጣጠቅ 6ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል ይገባበታል። ሥራው አየር ላይ ያለውን ኦዞን ጎማውን ሳይነካ ቀድሞ መጋፈጥ ነው። ሲጋፈጥ ግን ራሱ ተለውጦ 6ፒፒዲ-ኩዊኖን ይሆናል፤ መርዙ ይሄ ነው። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ የተበላውን ጎማ ብናኝ ጠርጎ ወንዝ ይከተዋል። አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ኮሆ የሚባለው ሳልመን እንቁላሉን ሊጥል ከባሕር ወደ ወንዝ ይመለሳል። ዝናብ ከጣለ ግን በሰዓታት ውስጥ አፉን እየከፈተ፣ ሚዛኑን ስቶ እየተገለበጠ፣ እንቁላሉ ሆዱ ውስጥ እንዳለ ይሞት ነበር። ለዓመታት ሌላ ሌላው ሲጠረጠር ቆይቶ ተመራማሪዎች ጥፋተኛውን የለዩት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ነው።

ምን ያህሉ ይገድላል?

በአንድ ሊትር 95 ናኖግራም ገደማ የኮሆን ግማሽ ይጨርሳል። በእኛ ልኬት ላስቀምጠው፦ አንድ ግራም ብቻ ባለ 10,000 ሊትር የውሃ ቦቴ አንድ ሺህውን ይበክላል።

እኛ ባሕር የለን፣ ሳልመን የለን። ምን አገባን?

እውነት ነው፣ አዋሽ ራሱ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። መርዙም ዓሣ ይመርጣል፤ የኮሆ ዘመድ የሆነው ቸም ሳልመን እዚያው ውሃ ውስጥ ምንም አይሆንም። የእኛን ቆሮሶ ደግሞ ከጎማው በፊት የሚያንቀው ኦክስጅኑን የሚጨርሰው የከተማው ፍሳሽ ነው። ግን ባሌ ወንዞች ውስጥ ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት የሚባል ዓሣ አለ፤ ሬይንቦው ትራውት ደግሞ ይህን መርዝ ከማይችሉት አንዱ ነው። ደግነቱ የቃሊቲ ተሳቢ እዚያ አይርመሰመስም።

ጋሼ፣ እኔ ጎሚስታ ነኝ። በረባሶም አደርጋለሁ። ልተው?

በረባሶህን አድርግ ወንድሜ። የእግርህ ፍቅፋቂ ከአንድ ሲኖትራክ ፍሬን አጠገብ ምንም ነው። አሮጌ ጎማ ማቃጠሉን ግን ተው፤ ጭሱ ካንሰር አምጪ ነው።

በአቃቂ ወንዝ የሚጠጣው ቆስጣና ሰላጣስ?

ቪየና ላይ ሰላጣ በእነዚህ ኬሚካሎች በተበከለ ውሃ አሳድገው ሲመረምሩ ቅጠሉ ድረስ ወጥቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ማጠብ ብቻውን አያወጣውም። የእኛ ወንዝ ግን የፋብሪካ ፍሳሽም አለበት፤ እኔ ከጎማው ይልቅ ያ ነው የሚያሳስበኝ።

አሁን የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ይገላግለናል?

ከጭሱ አዎ። ከጎማው አይገላግልም። ባትሪው መኪናውን ያከብደዋል፣ የከበደ መኪና ጎማው ቶሎ ያልቃል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ዋናው መፍትሔ የጎማ ፋብሪካዎች እጅ ነው፤ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሌላ ኬሚካል እንዲፈልጉ አስገድዳለች። እስከዚያው ግን አፈር አለ። መርዛሙን የመንገድ ጎርፍ በአሸዋና ብስባሽ ድብልቅ ውስጥ አሳልፈው ኮሆ ሲያስገቡበት ዓሣው ተርፏል። እኛ ግን የመንገዱን ዳር ሁሉ በሲሚንቶ ደፍነን ጎርፉን በቱቦ ቀጥታ ወንዝ እንሰደዋለን። በቱሉ ዲምቱ መንገድ ስታልፉ ሣር የበቀለበት ቦይ ካያችሁ፣ «ይጽዳ» ብላችሁ አታስቆፍሩት።