መልስ፦ ለከተማ ልጆች ስለ ከብት ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ «ሐዋሳ የማስተምራቸው ልጆች ወተት ከላስቲክ የሚመጣ ይመስላቸዋል፤ ስለ ከብት ከየት ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ከእንገር ጀምሪ እላለሁ።

ላም ዘጠኝ ወር ገደማ አርግዛ ካልወለደች ወተት አትሰጥም። ይህን ብዙ አዋቂ እንኳ ልብ አይለውም። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ ወተት እንገር ነው። ጥጃው በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልጠባው በሽታ የሚከላከልበት አቅም ይጎድለዋል። ልጆች ይህን ሲሰሙ ስለ እናታቸው መጠየቅ ይጀምራሉ፤ ጠይቁ በያቸው። ከዚያ «እምቦሳ እሰሩ» የሚለውን ምርቃት አንሺ። አዲስ ቤት የገባን ሰው ለምን በጥጃ እንደምንመርቅ እነሱ ይንገሩሽ።

ከተቻለ ከከተማ ወጣ በሉ። በሲዳማ ገበሬ ጓሮ ትምህርቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል፤ ፍጉ ለእንሰቱ፣ የእንሰቱ ቅጠል ለላሟ። ላሟ ተኝታ ስታመሰኳ ዝም ብለው ይዩአት። ጨጓራዋ አራት ክፍል አለው፤ የዋጠችውን ሣር መልሳ ታላምጠዋለች።

መኪና ካልተገኘ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ አለላችሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሲያጸዱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊውን ቆመው ይጠብቃሉ።

አንድ አደራ አለኝ። ስለ እርድ ሲጠይቁሽ አትሽሺ። በበዓል በጉ ሲታረድ ቤታቸው ያያሉ እኮ። እውነቱን ረጋ ብለሽ ንገሪያቸው። ያለቀሰ ልጅ ካለም ማንም እንዳይስቅበት።