መልስ፦ ሞዛርት ፍሉትና ሃርፕን ለምን አጣመረ?

ሰላም! የሙዚቃ ደራሲው ሞዛርት በአንድ ኮንቼርቶ (ብቸኛ ተጫዋቾች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወቱት ድርሰት) ፍሉት የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያና ሃርፕ የተባለውን ትልቅ ባለ አውታር መሣሪያ ለምን አንድ ላይ እንዳመጣቸው ጠይቀሃል። ምክንያቱ አንድ አባትና ሴት ልጁ ናቸው። በ1778 እ.ኤ.አ. ሞዛርት ፓሪስ ውስጥ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበር። ኮንቼርቶውን የጻፈው ለጊን መስፍንና ለልጁ ነው፤ መስፍኑ ፍሉት ይጫወት ነበር፣ ልጁ ደግሞ ሃርፕ። ሞዛርት ለራሱ አባት በጻፈው ደብዳቤ የሁለቱንም አጨዋወት በጣም አድንቋል። ልጅቷን የሙዚቃ ድርሰትም ያስተምራት ነበር።

ካልሰማኸው ከመካከለኛው ክፍል ጀምር። ኦቦና ሆርን የተባሉት የትንፋሽ መሣሪያዎች እዚያ የሉም፤ ሁለቱን ሶሎይስቶች (ፍሉቱንና ሃርፑን) የሚያጅቧቸው ባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ ናቸው። እንዴት ያምራል መሰለህ! ሞዛርት ለሃርፕ የጻፈው ሌላ ኮንቼርቶ የለም።

መስፍኑ ግን ሥራውን ከወሰደ ከአራት ወር በኋላም ገንዘቡን አልከፈለውም ነበር። ይሄ ሁሌም ያናድደኛል።