ቃለ ጉባኤውን ያቃጠልኩበት ሌሊት

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ የዚያን ጊዜውን የኢትዮጵያና የሶቪየት ወዳጅነት ክበብ ታሪክ ልጽፍ ነበር፣ ሰነዱን ከየት ላግኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ በሶቪየት እርዳታ ሲከፈት፣ በ1955 ዓ.ም. ገና ልጅ ነበርኩ። በኋላ እዚያው ተምሬ እዚያው አስተማርኩ። ኅዳር 1971 ሁለቱ መንግሥታት የወዳጅነት ውል ከተፈራረሙ ወዲህ ስብሰባውም መፈክሩም በዛ። የእኛ ክበብ ግን ትንሽ ነበረች፤ ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ማን መጣ፣ ምን ተባለ፣ ሁሉም በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ ይሰፍራል። አንድ ሩሲያዊ የብየዳ መምህር ነበሩ። የጣናን ቆሮሶ በጨው አሽተው በረንዳቸው ላይ በገመድ ይሰቅሉታል፣ ጎረቤቱ ሽታውን አልቻለም ነበር። ቅዳሜ ማታ እኛ ያንን ዓሣ እንበላለን፣ እሳቸው እናቴ የላከችልኝን በሶ ይጠጣሉ። እሱንም ጽፌዋለሁ።

የካቲት 1983 ከተማዋ ኢሕአዴግ እጅ ስትገባ ፈራሁ። ማታ ደብተሩን ማድቤት ወስጄ ገጽ በገጽ እየቀደድኩ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ወረቀቱ ቶሎ ነደደ። ፎቶዎቹ ግን እየተጠቀለሉ ቆዩ፣ የመምህሩ ፊት መጨረሻ ላይ ነው የጠፋው። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «የሰው ስም እኮ ነው የምታቃጥለው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ደብተር የጠየቀኝ ሰው የለም፣ እስከዚህች ልጅ ድረስ።

ለንደን ውስጥ በ1948 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአንግሎ-ኢትዮጵያ ማኅበር፣ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ወዳጆች ማኅበር፣ ዛሬም አለ። እዚህ ንጉሡ ወርደዋል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ እሱ ቀጥሏል። ያስቀናኛል።

እናንተ ቀኑን ሙሉ ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ግን ማን ከማን ጋር እንደቆመ የሚጽፍ የለም። ስልኩ ሲሰረቅ አብሮ ይሄዳል። ይሄ ያናድደኛል። ወረቀት አታቃጥሉ እላችኋለሁ፤ ያ ሌሊት ቢመለስ ግን እኔው ራሴ ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ ትንንሽ ልጆች ነበሩኝ።

ደብተሩ ላይ ከፈረሙት አንዱ ሽምብጥ ሰፈር አሉ። ጆሯቸው ደክሟል፣ ጠዋት ጠዋት ግን ደህና ያወራሉ። ከልጅቷ ጋር ቅዳሜ በሦስት ሰዓት እንሄዳለን። ሁለት ደብተር ገዝቻለሁ።