ትኩሳቱ አልለቅ ያለው ልጅ፣ ወባ ይሆን? ባለፉት ወራት የት አድሮ ነበር?

እህቴ አብሽሪ። «የሁለት ዓመት ተኩል ልጄን ትኩሳት ሁለት ሳምንት ሄድ መጣ እያለበት ነው፣ የታይፎይድ መድሃኒት ጨርሶም አልለቀቀው፣ ወስፋት ይሆን እንዴ?» ላልሽው፣ እኔም መጀመሪያ የወስፋት ሽሮፕ ነው የሰጠሁት፣ ምንም ለውጥ የለም። ወስፋት ሆድ ይነፋል ያከሳል እንጂ እንዲህ አያተኩስም አሉኝ በኋላ።

የኔዋ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ጥር ላይ፣ እዚሁ ደሴ። ከሰዓት ሲሆን ብርድ ልብስ እየጎተተች «እማ በረደኝ» ትላለች፣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፣ ከዛ እንደ ምጣድ ትግላለች፣ ከዛ ፀጉሯ ስሩ ድረስ በላብ ርሶ ተነስታ ትጫወታለች! በነጋታው ደህና ናት፣ ለቀቃት ብዬ ስራ እገባለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ያው ነው። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ አለን (ያ ምርመራ ደሞ ለማን ነው ነጌቲቭ የሚወጣው)፣ ሌላው ሰገራ አይቶ ጃርዲያ። ወባ ያለ ማንም የለም፣ ደሴ ብርድ ነው፣ ወባ ከሐረጎ ቁልቁለት በታች ነው እንላለና።

አንድ ጠና ያሉ ጤና መኮንን ናቸው «ልጅቷ በዚህ ዓመት ቆላ አድራለች?» ያሉኝ። መስከረም ላይ ባቲ እናቴ ጋ ሦስት ሳምንት! ግን አራት ወር አለፈው እኮ ስላቸው ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላም ይነሳል አሉ። ብለድ ፊልሙ (የወባ የደም ምርመራው) ነጌቲቭ ሆነ። አንዴ ነጌቲቭ ማለት የለም ማለት አይደለም ብለው በነጋታው እያንቀጠቀጣት አስደገሙት፣ ተገኘ።

ክሎሮኪን 3 ቀን፣ ጉበት ውስጥ ያለውን እንዲገድል ደግሞ ፕሪማኩዊን 14 ቀን። መራራ ነው ወላሂ፣ በማር ስታገል ነው የጨረስነው፣ ብዙ ሰው ትኩሳቱ ሲለቅ ያቋርጠውና ወባው ይመለስበታል። ፕሪማኩዊን ለደሙ የማይስማማው ልጅ አለ፣ ሽንቷ እንደ ኮካ ከጠቆረ አቁመሽ በፍጥነት ነይ ብለውኛል፣ ስለዚህ በራስሽ ገዝተሽ እንዳትሰጪ።

መተማ ወይ ሁመራ ሄዶ ከነበረና ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ ካላዛር የሚባል ሌላ በሽታም አለ፣ እሱ ምርመራው ሌላ ነው፣ ንገሪያቸው። ካንቀጠቀጠው በላይ ሰውነቱ ከተገታተረ፣ መጠጣት እምቢ ካለ ወይ ከደነዘዘ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል፣ መልስ አትጠብቂ።

እስኪ ልጅሽ ወባ ያለበት ቦታ፣ ኮምቦልቻ ወይ ከሚሴ፣ ዘመድ ጋ አድሮ ነበር?