ከቀለሙ በፊት ፊደሉን አስተካክሉ

ሰላም ወንድሜ፣ «ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የእህል ርክክብና ሽያጭ የሚመዘግብ ነፃ ፕሮግራም ሠርተን ለቀቅን፤ የሚወርድበትን ድረ ገጽ ያየ ሁሉ ግን አይነበብም ይለናል። ቀለሙን እንቀይር ወይስ ቴምፕሌት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የገጽ ንድፍ) እንግዛ?» ብለህ ለጠየቅኸው ከሥራ ያገኘሁትን ላካፍልህ። እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ እንዲህ ዓይነት ገጾችን ሳስተካክል ቆይቻለሁ። የላክኸውንም ሊንክ ከፍቼ አይቼዋለሁ።

ቴምፕሌት አትግዙ። አብዛኞቹ የተለኩት ለላቲን ፊደል ስለሆነ ችግሩ አብሯችሁ ይሄዳል። ላቲን በ14 ፒክስል (በስክሪን ላይ የፊደል መጠን መለኪያ) ደህና ይነበባል፤ የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ በጥቃቅን ቅጥያ ላይ ነው። «ቡ»ንና «ቢ»ን ተመልከት፤ አንዷ ቅጥያዋ ወገቧ ላይ ነው፣ የሌላዋ እግሯ ላይ፣ በቃ። ገጻችሁ ላይ «አስገቡ» የሚል ቁልፍ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ «አስገቢ» የሚል ዓምድ። በስልኬ ስከፍተው ሁለቱን ለመለየት ማጉላት ነበረብኝ። ዋናውን ጽሑፍ ቢያንስ 18 ፒክስል፣ ላይን ሃይቱን (የመስመሩን ከፍታ) ደግሞ የፊደሉን መጠን 1.7 ወይም 1.8 እጥፍ አድርጉት። የመስመሩንም ርዝመት አሳጥሩ፤ ለላቲን 80 ፊደል እንደ ጣሪያ ይያዛል፣ የእኛ ፊደል ሰፊ ስለሆነ ግን ከ50 ባያልፍ እመርጣለሁ። ግራና ቀኙን እኩል ማሰለፉንም ተዉት፤ ቃሎቻችን ረጃጅም ናቸው፣ በጠባብ ስክሪን ላይ በመካከላቸው ትልቅ ክፍተት ይፈጠራል።

ፎንታችሁ (የፊደላችሁ ቅርጽ) አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለው ነው። መልኩን በጣም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ያለው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ርዕሱን ቦልድ ስታደርጉት ብሮውዘሩ በራሱ ያወፍረውና የ«ቤ»ና የ«ቄ» ቀለበት ይደፈናል። ኢታሊክ ስትሉትም ፊደሉን ገፍቶ ያዘምመዋል፤ ይህ በጽሑፋችን ልማድ የለም፣ ዓይንንም ያደክማል። ለርዕስ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ተጠቀሙ፤ ብዙ ውፍረት አለው፣ ነፃም ነው። ፎንቱ እስኪወርድ ገጹ ባዶ ሆኖ እንዳይቆይ በገጹ ኮድ ውስጥ ፎንት ዲስፕሌይ (font-display) የሚለውን ስዋፕ (swap) ላይ አድርጉት። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ያለ ሰው ኔትወርኩ ሲደክም ቢያንስ በስልኩ ፊደል ያነብባል።

ቀለሙን በተመለከተ መቀየር ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነጭ ላይ ያለው ፈዛዛ ግራጫ። የድር ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው ቀለም መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የብርሃን ንፅፅር ይጠይቃል። የማኅበር ጸሐፊ ስልኩን የሚከፍተው ደግሞ መጋዘን ደጃፍ ላይ ፀሐይ ውስጥ ቆሞ ነው። ጥቁር አድርጉት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የገጻችሁ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «ዘመናዊ የመረጃ ሥርዓትን በመጠቀም ቀልጣፋና ውጤታማ አገልግሎት ለመስጠት…» እያለ አራት መስመር ይሄዳል። አንብቤ ስጨርስ ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ አላወቅሁም። እንዲህ በሉት፦ «ይህ ፕሮግራም ማኅበሩ የተረከበውንና የሸጠውን እህል ይመዘግባል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ክፍያ የለውም።» ከሥሩ አንድ ስክሪንሾት ይግባ፣ ባዶ ሠንጠረዥ ግን አይሁን፤ ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ በኩንታል የተሞላበት ይሁን። ሰው የራሱን ሥራ ሲያይ ወዲያው ይገባዋል። ከዚያ የማውረጃው ቁልፍ፣ መጠኑ በሜጋባይት ተጽፎ፤ ዳታ የሚገዛ ሰው ሳያውቅ አይጫንም።

የፕሮግራመሮቹን ሰነድ ወደ ሌላ ገጽ አውጡት። አሁን የመጫኛው ትእዛዝ በአማርኛው ዓረፍተ ነገር መሐል ተሰንቅሮ የቱ እንደሚገለበጥ አይታወቅም። እያንዳንዱ ትእዛዝ ለብቻው በሣጥን ይቀመጥ። የተለቀቀበትም ቀን ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. አይታወቅም፤ ምልክቱን ጨምሩበት።

ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ከሞላሌ ወይም ከደብረ ሲና አንድ የማኅበር ጸሐፊ ፈልጉና በራሱ ስልክ «ይህን አውርደህ ጫን» በሉት። አጠገቡ ሆናችሁ ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ሰው ሲደናገር ማስረዳት ያምረናል። ግን ጣቱ የቆመበትን ቦታና የጠየቃችሁን ጥያቄ ሁሉ ጻፉ። በቃል ልትመልሱለት የነበረው መልስ፣ እሱ በቆመበት ቦታ ገጹ ላይ ይጻፍ።