+9 ላይ አልነበርክም ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ብላክጃክ ስትጫወት (ከ21 ሳታልፍ ካርታ አዳዩን ዲለር መብለጥ ነው ጨዋታው) ባለ 6 ዴክ፣ ማለትም ባለ ስድስት ጥቅል ካርታ ጠረጴዛ ላይ ነበርክ፣ ሁለት ዴክ ያህል ወጥቶ የካርታ ቆጠራህ +9 ደረሰ፣ 200 ዶላር አስያዝክ፣ የሁለቱ ካርታህ ድምር 10 መጣልህ፣ ዲለሯ 10 እያሳየች ደብል አደረግክና (ውርርዱን እጥፍ አድርገህ አንድ ካርታ ብቻ ተቀበልክና) 400ው ሄደ። «ቆጠራው ከፍ ሲል ደብል አይደረግም እንዴ?» ነው ያልከው።

እኔ ቬጋስ ታክሲ ስነዳ ከሥራ በኋላ እየገባሁ ለተወሰኑ ዓመታት ቆጥሬያለሁ። በልቻለሁም፣ ተበልቻለሁም።

ያ +9 እኮ ከ2 እስከ 6 ላለው አንድ እየደመርክ፣ ከ10 እስከ ኤስ ላለው አንድ እየቀነስክ ያገኘኸው ጥሬ ቁጥር ነው፤ ከፍ ሲል ከቀሩት ካርታዎች ውስጥ ትልልቁ በዝቷል ማለት ነው። ገና አራት ዴክ ቀርቷል። 9ን ለ4 አካፍለው፣ ከ2 ትንሽ ያልፋል። ትሩ ካውንት የሚባለው ይሄ ነው፣ የሚወሰነውም በሱ ነው። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ማካፈሉ ይሰለቸኝ ነበር፤ የተጣለውን ክምር በዓይን መገመት ስለደከመኝ እንጂ ሒሳቡ ከብዶኝ አይደለም።

10 ይዘህ በ10 ላይ ደብል የሚያዋጣው ትሩው +4 ሲደርስ ነው። ለምን ይሄን ያህል? ትልልቅ ካርታ ሲበዛ አንተ 20 የመሙላት ዕድልህ ይጨምራል፣ ግን የዲለሯም የተደፋው ካርታ 10 የመሆን ዕድሉ አብሮ ይጨምራል። አንተ ደግሞ የምትቀበለው አንድ ካርታ ብቻ ነው፤ 4 ከመጣች 14 ይዘህ ቁጭ። የሚያድንህ ኤሱ ነው፤ እንደ 11 ተቆጥሮ 21 ይሞላልሃል። ዲለሯ 10 ስታሳይ ከታች ያለውን አጮልቃ አይታለች፣ ኤስ ቢሆን ኖሮ ብላክጃክ (በሁለት ካርታ 21) ብላ ያኔውኑ ብራችሁን ሰብስባ ነበር። ስለዚህ እሷ ከታች ኤስ የላትም፣ ላንተ ግን ሊመጣ ይችላል።

9 ይዘህ ዲለሯ 2 ከምታሳይበት (9 በ2 ላይ ከሚባለው) ጋር አወዳድረው። እዚያ +1 ይበቃል። ከታች 10 ካላት 12 ናት፣ መጨመር ግዴታዋ ነው፣ ሌላ 10 ከመጣ አለቀላት። አንተ በዚያው 10 ወደ 19 ትወጣለህ። 9 በ7 ላይ +3፣ 10 በኤስ ላይ ደግሞ +4 አካባቢ ነው። 11 በኤስ ላይ እንደ ጠረጴዛው ሕግ ነው፤ ዲለሩ ኤስና 6 ይዞ የሚጨምር ከሆነ ቆጠራ ሳታይ ደብል አድርግ፣ የሚቆም ከሆነ +1 ጠብቅ።

አሁን ስለ ደብሉ ብዙ አትቆጭ። እነዚህ ቁጥሮች ደብል ማድረግና ዝም ብሎ ካርታ መጨመር እኩል የሚሆኑባቸው ድንበሮች ናቸው፤ ከድንበሩ ትንሽ ብትስት የምትከፍለው ጥቂት ነው። ያጠፋኸው ቀድመህ ነው፣ ካርታው ሳይታደል፣ 200ውን ስታስይዝ። በትሩ +2 ያለህ ብልጫ በግምት ግማሽ ፐርሰንት ነው። በ200 ዶላር ሲሰላ አንዲት ዶላር። ይዘህ የገባኸው 1,500 ነው ካልክ ለአንዲት ዶላር ብለህ ሩቡን በአንድ እጅ ላይ ጣልክ ማለት ነው!

በተቃራኒው የሆነብኝንም ልንገርህ። አንድ ሌሊት 150 አስይዤ 11 መጣልኝ፣ ዲለሩ 6 አሳየ። ከዚህ የተሻለ ደብል የለም። ኪሴ የቀረው 60 ብቻ። ባለችው ጨምሮ ደብል ማድረግ ይፈቀዳልና 60ዋን ጨመርኩ፣ ኪንግ መጣ፣ 21። ከጎኔ ያሉት አጨበጨቡልኝ። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ያላስያዝኳትን 90 ዶላር ነበር የማስበው። ከዚያ ወዲህ የደብሉን ብር ለይቼ ሳልይዝ ትልቅ አላስያዝኩም።

«ይታሰራል ወይ» ላልከው፣ ኔቫዳ ውስጥ በጭንቅላትህ መቁጠር ወንጀል አይደለም። ስልክም ሆነ ሌላ መሣሪያ ከተጠቀምክበት ግን ወንጀል ነው። ካዚኖው ግን ብላክጃክ አትጫወት ሊልህ ይችላል፣ እኔንም አንዱ ቤት በትህትና ሸኝቶኛል።

አንድ ነገር ሳትጽፍ ቀረህ፤ ጠረጴዛው ላይ ለብላክጃክ የተጻፈው 3 ለ2 ነበር ወይስ 6 ለ5? ለ10 ዶላር 15 ሳይሆን 12 የሚከፍልህ ከሆነ ሌላውን እንዳናወራ፣ መጀመሪያ ጠረጴዛ ቀይር።