የትኛው ቆሮሶ ነው ብዙ ሥጋ የሚሰጠው?

ጠያቂያችን ባሕር ዳር አጠገብ ሁለት ኩሬ አላቸው። በአንዱ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለውን የጣና ሐይቅ ዓሣ፣ በሌላው ከሩቅ የመጣ የቆሮሶ ዝርያ ያረባሉ። የመጣው ቶሎ ስላደገ «ሥጋውም ይበልጣል? የጣናውን ልተወው?» ይላሉ።

አይቸኩሉ። እስካሁን ያወዳደሩት ሁለት ኩሬ እንጂ ሁለት ዝርያ አይደለም። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ውሃው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ወይና ደጋ ናት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ። ሌሊት ይቀዘቅዛል። ፀሐይ የበዛለት ኩሬ ዝርያው ምንም ቢሆን ይቀድማል።

ስለዚህ ሁለቱን አንድ ኩሬ ውስጥ ይጨምሯቸው። ፋጉሎውንም ፉርሽካውንም አብረው ይብሉ። መለያ እንዲሆንዎ የአንዱን ዝርያ የሆድ ክንፍ ጫፍ በንጹሕ መቀስ ቆረጥ ያድርጉት። ክንፉ ተመልሶ ስለሚበቅል በየወሩ ሲመዝኑ ያድሱት። ሲጀምሩ ክብደታቸው እኩል ይሁን፤ አለዚያ ትልቁ ትንሹን ከመኖው ይገፋዋል።

ብዙ ሰው የሚስተው ጾታውን ነው። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፤ በዚያ ሰሞን ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወንዱ በጣም ይበልጣታል። ከሩቅ የመጡት አብዛኞቹ ወንድ ከሆኑ ያዩት ልዩነት የዝርያ ላይሆን ይችላል። ዓሣውን ገልብጠው ከሆዱ በታች ይዩ፦ ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሴቷ ሦስት። ወንድን ከወንድ፣ ሴትን ከሴት ጋር ብቻ ያወዳድሩ።

ወደ ሥጋው ስንመጣ፣ አጥንትና ቆዳ የሌለው ፊሌቶ ከቆሮሶ ክብደት ሲሶ ገደማ ነው። 300 ግራም ዓሣ 100 ግራም ያህል ይሰጣል። ከመታረዱ በፊት አንድ ቀን አያብሉት፤ የሞላ ሆድ ሚዛን ያታልላል። መጀመሪያ ሙሉውን ይመዝኑ፣ ቀጥሎ ፊሌቶውን፣ ከዚያ የፊሌቶውን ክብደት ለሙሉው ክብደት ያካፍሉ። ሁሉንም አንድ ሰው ይቁረጥ። እጁ ያልሰላ ቆራጭ ብዙ ሥጋ አጥንቱ ላይ ስለሚተው ቆራጭ ከተቀያየረ ውጤቱ አይታመንም። ጭንቅላተ ትልቅ የሆነ ዓሣና እንቁላል የያዘች ሴት ክብደታቸው ጥሩ ሆኖ ሥጋቸው ያንሳል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎ። የኩሬዎ ውሃ ወደ ጣና የሚፈስ ከሆነ መውጫውን በደቃቅ መረብ ይዝጉ። የመጣው ዝርያ ካመለጠ ከሐይቁ ቆሮሶ ጋር ይዳቀላል፣ ያንን ደግሞ መመለስ አይቻልም። በፊሌቶው ልዩነታቸው ትንሽ ከሆነ እኔ ብሆን የጣናውን እይዛለሁ።